በቤት ውስጥ ያለች ባሕር፤ ለመርጃን ገንዳ የሚስማማውን የውኃ እንቅስቃሴ ስለ መምረጥ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የተከበሩ ወዳጃችን በአዲስ አበባ ባለው ቤታቸው የጨው ውኃ የመስታወት ገንዳ አቁመው፥ በውስጡም ዓሣና መርጃን ለማኖር አስበው፥ «ውኃውን ለሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ምን ያህል ኃይል ያስፈልገዋል?» ብለው ጠየቁን። እኛም በችኮላ አንድ ቍጥር ነገርናቸው። «ገንዳው የሚይዘውን ውኃ 30 እጥፍ አድርጎ በሰዓት የሚገፋ ፓምፕ ይበቃል» አልናቸው። እርሳቸውም ቃላችንን አምነው እንደ ነገርናቸው አደረጉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሁሉ አስቀድመው ያኖሩት፥ ልጆቻቸውም በየማለዳው እየተነሡ የሚመለከቱት፥ መዶሻ የሚባለው መርጃን ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ሞተ። የነገርናቸው ቍጥር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ቍጥር ብቻውን ምክር እንዳልሆነ ሳናስረዳ መቅረታችን የእኛ ጥፋት ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ አሰብን።

በመጀመሪያ መርጃን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች በአንገት ጌጥ ላይ ያዩትን ቀይ ፍሬ እያሰቡ ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን መርጃን፥ የውጭ አገር ሰዎች ኮራል የሚሉት፥ እንስሳ ነው። ገላው ፖሊፕ ከሚባሉ አበባ ከሚመስሉ ጥቃቅን አካሎች የተሠራ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ጣቶች አሉት። ከመርጃን ወገን ብዙዎቹ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ ከበታቻቸው የኖራ ድንጋይ አጥንት ይሠራሉ። በሥጋቸውም ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል፤ ይህም አልጌ በብርሃን ኃይል ስኳር እየሠራ ባለቤቱን ይመግባል፥ ባለቤቱም በፈንታው መጠለያ ይሰጠዋል። ዓሣ ቢርበው ሄዶ ይፈልጋል፥ ቢከፋውም ይሸሻል። መርጃን ግን እንደ ዓሣ መሸሽ አይችልምና ምግቡንና እስትንፋሱን የሚያመጣለት፥ ጕድፉንም የሚጠርግለት ውኃው ነው። ስለዚህ ለገንዳ የውኃ እንቅስቃሴ መምረጥ ማለት ለማይናገርና ለማይሸሽ ፍጥረት የሚተነፍሰውን አየር መምረጥ ማለት ነው።

እንቅስቃሴው ይህን ያህል የሚያስፈልግበትን ምክንያት እንዲህ አድርገን እንገልጸዋለን። በውኃ ውስጥ ባለ በማናቸውም ነገር ገላ ላይ የረጋ ቀጭን የውኃ ሽፋን ይለጠፋል። ውኃው ሳይንቀሳቀስ በቀረ መጠን ይህ ሽፋን ይወፍራል። በቀን፥ ብርሃን ሲበራ፥ በመርጃኑ ሥጋ ውስጥ ያለው አልጌ የሚሠራው ኦክሲጅን በቶሎ መውጫ ያጣና በገላው ውስጥ ተከማችቶ የአልጌውን ሥራ ያደናቅፋል። በሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና መርጃኑ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ሽፋኑን አልፎ ለመድረስ ይዘገያል። ውኃው ሲንቀሳቀስ ግን ሽፋኑ ይሳሳል፤ የሚወጣው ይወጣል፥ የሚገባውም ይገባል። የእስራኤል ሊቃውንት በ2010 ባወጡት ጥናት የውኃ እንቅስቃሴ የመርጃንን የብርሃን ምግብ አሠራር የሚያፋጥነው ኦክሲጅኑ ከገላው በቶሎ እንዲወጣ በማድረግ መሆኑን አሳይተዋል። በ2013 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ከዜኒያ ወገን የሆነውና ጣቶቹን እንደ ሰው እጅ ሲጨብጥና ሲዘረጋ የሚውለው ለስላሳ መርጃን፥ ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው በዙሪያው ያለውን ውኃ ራሱ ለማንቀሳቀስና የብርሃን ምግቡን ለማብዛት መሆኑ ታውቋል። በዚህና ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በባሕር ውስጥ ያለው ሥርዓትም ይህንኑ ያስተምራል። ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ቻርልስ ዳርዊን በ1836 በሕንድ ውቅያኖስ ወዳሉት ወደ ኪሊንግ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ መርጃን የሚገነባውን የድንጋይ ግንብ መርምሮ ነበር። በ1842 ባሳተመው መጽሐፍም ማዕበል ያለ ዕረፍት በሚመታው በውጭው ጠርዝ ላይ ብርቱዎቹ ወገኖች እንደሚበቅሉ፥ ጸጥ ባለው በውስጠኛው ውኃ ግን ሌሎች ለስላሳ ቅርንጫፍ ያላቸው እንደሚኖሩ ገልጿል። እንግዲህ በአንድ ደሴት ዙሪያ እንኳ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ዓይነት ውኃ የለም። ሁሉም እንደ ተፈጥሮው ቦታውን ይዟል።

የገንዳ ሥራ ታሪክም ወደዚሁ ያደርሰናል። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕር እንስሳት በለንደን የአራዊት ማኖሪያ ለሕዝብ እንዲታዩ በረዳበት በ1853፥ የዘመኑ ሰዎች በገንዳው ውስጥ እንስሳና የባሕር ተክል በልክ ከተመዛዘኑ ውኃው ረግቶም ቢሆን ይበቃል የሚል አሳብ ነበራቸው። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ግን በ1871 በለንደን በክሪስታል ፓላስ በሠራው የባሕር ገንዳ፥ ከመታያዎቹ ገንዳዎች ይልቅ ብዙ ውኃ የሚይዝ ጨለማ ማጠራቀሚያ ከበታች አበጅቶ ውኃው በፓምፕ ሌሊትና ቀን እንዲዘዋወር አደረገ። ዛሬም በየቤቱ ከመታያው ገንዳ በታች ትንሽ የማጣሪያ ገንዳ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የማጣሪያው ፓምፕ ሥራ ግን ውኃውን ማመላለስ እንጂ ማዕበል መሥራት ስላልሆነ፥ በመታያው ውስጥ ውኃውን የሚገፋ ሌላ ፓምፕ ያስፈልጋል። ወዳጃችን የጠየቁን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ፓምፕ መምረጥ ሳይሆን እንስሳውን መምረጥ ነው። በዚህ ነገር የሠለጠኑ ሰዎች መርጃንን በሦስት ክፍል ይመድቡታል። አንደኛው ክፍል አጥንት የሌላቸው ለስላሳዎቹ፥ እንደ እንጉዳይ መርጃንና እንደ ቆዳ መርጃን ያሉት ናቸው። ሁለተኛው ክፍል አጥንት እያላቸው ትልልቅና ሥጋማ ፖሊፕ ያላቸው ናቸው፤ የወዳጃችን መዶሻ መርጃን ከእነዚህ ነው። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ አክሮፖራን የመሰሉ፥ ጥቃቅን ፖሊፕ ያላቸውና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድጉ፥ ብዙዎቹም በማዕበል መካከል ለመኖር የተፈጠሩ ናቸው። በልማድ እንደሚነገረው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ከገንዳው ውኃ 10 እስከ 20 እጥፍ፥ ድብልቅ ለሆነ ገንዳ 20 እስከ 40 እጥፍ፥ ለአክሮፖራ ደግሞ 40 እጥፍና ከዚያ በላይ በሰዓት ቢንቀሳቀስ መልካም ነው።

ይህንን በምሳሌ ለማስረዳት፥ ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 60፥ የውኃው ከፍታ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 396 ሊትር፥ ማለት 400 ሊትር ያህል ይይዛል። እንግዲህ ለለስላሳዎቹና ለሥጋማዎቹ በሰዓት ከ4,000 እስከ 8,000 ሊትር፥ ለድብልቁ ከ8,000 እስከ 16,000 ሊትር፥ ለአክሮፖራ 16,000 ሊትርና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። ወዳጃችን በእኛ ምክር የገዙት የ12,000 ሊትር ፓምፕ ነበር። መዶሻውም ከፓምፑ አፍ ትይዩ ከ20 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ተቀምጦ ነበር።

ቍጥሩ የሚያስተው እዚህ ላይ ነው። በፓምፑ ላይ የተጻፈው ሊትር ፓምፑ ምን ያህል ውኃ እንደሚገፋ ይናገራል እንጂ ውኃው እያንዳንዱን መርጃን በምን ፍጥነት እንደሚደርሰው አይናገርም። አፈ ጠባብ ፓምፕ ውኃውን እንደ ጦር አሹሎ ይወረውራል፤ ሰፊ መዘውር ያለው ግን ያንኑ ያህል ውኃ በሰፊው በትኖ በለዘብታ ይገፋል። ደግሞም የውኃው ግፊት ከፓምፑ በራቀ መጠን ይደክማል፥ ከድንጋይ በስተኋላም ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ውስጥ፥ በአንድ ሰዓት፥ አንዱ መርጃን በጐርፍ ሲመታ ሌላው በረጋ ውኃ ሊታፈን ይችላል። በወዳጃችን ገንዳም የታየው ይኸው ነው። መዶሻው በብርታት ሲሞት፥ በድንጋዩ ኋላ በነበረው አሸዋ ላይ ጕድፍ ተከማችቶ እንደ ቀይ ከፈይ የሚነጠፍ ዝልግልግ ነገር በቅሎ ነበር። ይህ ቀይ ነገር ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ነው። ምግብ ሲበዛና ጕድፍ ሲጠራቀም ይበቅላልና መድኃኒቱ ውኃውን ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ውኃ የማይደርስበትን ስፍራ አብልጦ ይወዳል።

ፍጥነቱን በቤት ውስጥ መለካት አስቸጋሪ አይደለም። ከገንዳው ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፍራ በሁለት ምልክት ይለዩ። ከዚያም ከዓሣው ምግብ ጥቂት ደቃቅ ወደ ውኃው ጨምረው፥ አንዱ ፍሬ ከምልክት እስከ ምልክት በስንት ሴኮንድ እንደሚያልፍ በሰዓት ይመልከቱ። በሦስት ሴኮንድ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ አድርገው በላይ፥ በመካከል፥ በታችና በድንጋዩ ኋላ ቢመረምሩ የገንዳውን ውኃ ባሕርይ ያውቃሉ፤ ብርቱውን መርጃን በብርቱው ስፍራ፥ ለስላሳውንም በለዘብተኛው ስፍራ ለማኖር ይቻላል።

ከኃይሉ ቀጥሎ የሚታሰበው ዓይነቱ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ውኃ፥ ለዘብ ያለም ቢሆን፥ አይመሰገንም፤ የመርጃኑ አንድ ወገን ሲመታ ሌላው ወገን ጕድፍ ይሰበስባልና። በባሕር ውስጥ ማዕበል ይመጣል፥ ይመለሳልም። ይህን ለመምሰል በሆኖሉሉ በዋይኪኪ የባሕር ገንዳ ብሩስ ካርልሰን ያበጁት መሣሪያ አለ። ከገንዳው በላይ የተቀመጠ በርሜል ቀስ በቀስ በፓምፕ ይሞላል፤ በሞላም ጊዜ ውኃው በቧንቧ ራሱን ስቦ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይለቀቃል፥ ከዚያም እንደ ገና ይሞላል። በቤት ውስጥ ግን ሁለት ፓምፖችን በገንዳው ሁለት ጫፍ አድርጎ፥ ግፊታቸው በመካከል እንዲገናኝ ወይም በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ አርፎ እንዲበተን ማድረግና በመቈጣጠሪያ እየተፈራረቁ እንዲበረቱና እንዲለዝቡ ማዘዝ ይበቃል። የፓምፑን አፍ በቀጥታ ወደ መርጃን ወይም ወደ አሸዋው ማዞር አይገባም። ከአንድ ትልቅ ፓምፕም ሁለት መካከለኞች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ውኃውን ያቈያልና።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ፈራጁ መርጃኑ ራሱ ነው። የመዶሻ መርጃን ጣቶች የጤፍ ማሳ ለስለስ ያለ ነፋስ ሲነካው እንደሚያደርገው ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዙ መልካም ነው። ጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተው ከቀሩ፥ የአጥንቱም ጠርዝ መታየት ከጀመረ፥ ውኃው በርትቶበታልና ሳይውሉ ሳያድሩ ስፍራውን መለወጥ ያስፈልጋል። በአንጻሩ በቅርንጫፎች መካከል ጕድፍ ሲያርፍ ወይም ልሐጭ የመሰለ ነገር በገላው ላይ ሳይጠረግ ሲቀር ውኃው አንሷል ማለት ነው። ነገር ግን ማስተዋል ይገባል፤ የቆዳ መርጃን አልፎ አልፎ ተጨማድዶ ቀጭን ቅርፊት ይጥላል። ይህ ልማዱ እንጂ በሽታው አይደለም፥ ቅርፊቱን የሚያነሣለት ውኃ ብቻ ይፈልጋል። ፖሊፖች ለአንድ ቀን ቢሰበሰቡም ወዲያው መደንገጥ አይገባም። ከፓምፕ ለውጥ በኋላ ጥቂት ቀን መታገሥና ኃይሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር የብልህ ሥራ ነው።

በከፍተኛው አገራችን ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ልዩ ጕዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለው፥ ሙቀቱም 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ለመያዝ ሲችል፥ በአዲስ አበባ 5 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የውጭ አገር መጻሕፍት የማያነሡትን አንድ ነገር እኛ አጥብቀን እንመክራለን፤ ከፓምፖቹ አንዱ የውኃውን ፊት ሁልጊዜ እያናወጠ ከአየሩ ጋር ያገናኘው። ይልቁንም በሌሊት አልጌው ኦክሲጅን መሥራቱን ትቶ በገንዳው ያለው ፍጥረት ሁሉ ስለሚተነፍስ፥ ሊነጋ ሲል ኦክሲጅኑ ከሁሉ ጊዜ ያንሳል። «እንስሳቱ ይረፉ» ብሎ በመሸ ጊዜ ፓምፑን ሁሉ ማጥፋት ደግነት መስሎ ይታያል እንጂ ይጎዳቸዋል። መቀነስ ይቻላል፤ የውኃው ፊት ግን መርጋት የለበትም።

የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠ ጊዜም እንዲሁ ነው። ፓምፑ ሲቆም ሙቀቱ ከመውረዱ አስቀድሞ የሚያልቀው ኦክሲጅኑ ነውና፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ በቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኝ። ይህ ባይኖር ከቤተ ሰቡ አንዱ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከገንዳው ውኃ እየቀዳ፥ ከፍ አድርጎ በየጥቂቱ ደቂቃ መልሶ ያፍስሰው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ደግሞም እጅን ወደ ገንዳው ከማግባት በፊት ፓምፑን ከኤሌክትሪኩ መንቀል፥ ገመዱንም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጎ ጠብታው ወደ ሶኬቱ እንዳይወርድ ማድረግ ለልጆችም ለአዋቂዎችም የማይታለፍ ሕግ ይሁን።

በመጨረሻም የተመረጠው እንቅስቃሴ ለዘላለም ተመርጧል ማለት አይደለም። ፓምፑ በኖራ ቅርፊት እየተሸፈነ ኃይሉ ይደክማልና በየጥቂት ወሩ በውኃ በቀጠነ ኮምጣጤ ተዘፍዝፎ በሚገባ መታጠብ አለበት። መርጃኑም እያደገ ሲሄድ ቅርንጫፉ ራሱ የውኃውን መንገድ ይዘጋል፤ አምና የበቃው ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል።

ወዳጃችን ከኀዘናቸው በኋላ ትልቁን ፓምፕ ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት አዙረው በግማሽ ኃይል እንዲሠራ አደረጉት፤ በሌላው ጫፍም አንድ ትንሽ ፓምፕ ጨመሩ። በድንጋዩ ኋላ የነበረው ቀይ ነገር ጕድፉ ተጠርጎ የሚሰጠው ምግብም ሲቀነስ ጠፋ። ከዚያም በሕጋዊ ፈቃድ የገባ ሌላ መዶሻ መርጃን አምጥተው ግፊቱ ከሚበተንበት ስፍራ አኖሩት። አጥንት ያላቸው መርጃኖች በዓለም አቀፍ ውል የሚጠበቁ ስለ ሆኑ ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር ክልክል መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሱ። ባለፈው ሰሞን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ታናሺቱ ልጃቸው ከመስታወቱ ፊት ቆማ የደቃቁን ምግብ ጕዞ በሰዓት ስትለካ አገኘናት። እርስዋም ቀና ብላ «ዛሬ ጣቶቹን ዘርግቷል» አለችን።

እኛ የነገርነው ቍጥር ያላስረዳውን ነገር ይህች ሕፃን ቆማ በማየት ተረድታዋለች። ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ ገንዳ ለማቆም ስታስቡ አስቀድማችሁ እንስሳውን ዕወቁ፥ ቀጥሎ ውኃውን ለኩ፥ ፓምፑን በመጨረሻ ግዙ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ተመልከቱ። ባሕርን ከቤቱ ያስገባ ሰው የባሕሩን ሥራ ሊሠራለት ተዋውሏልና።